የድሮ የቀርከሃ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝቼ ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳና አካባቢ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ አባት ሦስት ቦታ የሚገጣጠም የድሮ የቀርከሃ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዛሁ። ዝም ብሎ ዱላ እንዳይመስላችሁ፣ ስድስት ስንጥቅ ቀርከሃ በኮላ ተጣብቆ ነው ባለ ስድስት ጎን የሆነው፣ ገና እጄ ላይ ሳረገው ወደድኩት።

ችግሩ ጫፉ ጋ ኮላው ለቆ አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቋል፣ የማጥመጃው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች የያዘው የሐር ክርም በስብሷል። አናጺ ጋ ብወስደው በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አርጌ ልፋቀውና ቫርኒሽ ልቀባልህ አለኝ፣ እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም የቀርከሃ ጥንካሬው ያለው ላይኛው ቆዳው ስር ያለው ቃጫ ላይ ነው፣ እሱ ከተፋቀ አለቀለት። የድሮዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጣበቁት ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ኮላ ስለሆነ ሙቀትና ውሃ ይፈታዋል፣ ስለዚህ በሙቅ ውሃ ማጽዳቱንም ፈራሁ።

እና የተሰነጠቀውን በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀው ጠንካራ ኮላ) ባጣብቀው እንደድሮው ይታጠፋል ወይስ እዛ ጋ ደርቆ ይሰበርብኛል? ቀጭን የሐር ክርስ መርካቶ የቱ ጋ ይገኛል፣ ያገኘሁት የጥልፍ ክር ሁሉ ወፍራም ነው። የነሐስ መጋጠሚያውም ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል፣ በፒንሳ እንዳልይዘው ይጨፈለቃል ብዬ ሰጋሁ። ክረምቱ ሲወጣ ባሌ፣ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ላጠምድበት ነው ያሰብኩት፣ በእጁ ሠርቶ ያየ ካለ እባካችሁ።