ሐውልት ይቀመጣል እንዴ?

ዘለንደን፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛልና ፍረዱኝ። እዚህ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ስላለ አንድ የእብነ በረድ ሥራ ለሰፈራችን ልጆች አጭር የአማርኛ መግለጫ እያዘጋጀሁ ነው። ሥራው የሙዚቃ ደራሲው የሃንደል ምስል ነው። የቀረጸው ሉዊ ፍራንስዋ ሩቢሊያክ ይባላል፤ ሊዮን ተወልዶ ለንደን ሲሠራ የኖረ ፈረንሳዊ ነው። በ1738 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቮክስሆል በሚባለው የመዝናኛ አትክልት ስፍራ ቆመ፤ ያሠራው የቦታው ባለቤት ጆናታን ታየርስ ነው። እኔ «የተቀመጠ የሃንደል ሐውልት» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያየልኝ ሰው በቀይ ሰርዞ «ሐውልት ይቆማል እንጂ አይቀመጥም» የሚል ማስታወሻ ላከልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም ሁለት መስመር ከፍ ብዬ «ቆመ» ብያለሁ። ተቀምጦ ቆመ! እንዴት ይሁን?

የመሪጌታው ልጅ፦
ሰውየው አልተሳሳተም ወንድሜ፤ ችኮ ቢሆንም። ሐውልት ከግዕዝ ሲመጣ ትርጉሙ የቆመ ድንጋይ፣ ዐምድ ነው። የሰው መልክ ይኑረው አይኑረው ጉዳዩ አልነበረም። ያዕቆብ ተንተርሷት ያደረውን ድንጋይ «ሐውልት አድርጎ አቆማት» ሲል መጽሐፉ፣ ያዕቆብ ዐይንና አፍንጫ አልቀረጸላትም። የሎጥ ሚስትም «የጨው ሐውልት ሆነች»። የአክሱሙን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዐይን የለው፣ እጅ የለው፣ ግን ከእሱ በላይ ሐውልት የለም። ድንጋይ ሰው መምሰል ሲጀምር የድሮው ቃል «ምስል» ነበር። እሱ ደግሞ ዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ «የተቀረጸውንም ምስል ለአንተ አታድርግ» ከሚለው ጋር ስለተጎዳኘ ጣዖት ጣዖት ይሸታል። ለዚህ ይመስለኛል ሐውልት የምስልን ቦታ ቀስ ብሎ የወሰደው፤ ንጹሕ ቃል ነዋ።

እሜቴ ሰዋስው፦
የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትስ? አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ በ1923 ዓ.ም. የቆመው። ንጉሡ ፈረስ ላይ ተቀምጠው የለ እንዴ! «ምኒልክ ስለተቀመጡ ሐውልት አይባልም» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በአማርኛ የሚቆመው ሥራው ነው፣ ሰውየው አይደለም። ድንኳንም ይቆማል። «የተቀመጠ ሐውልት» ያልተመቸው «ተቀምጦ የሚያሳየው ሐውልት» ይበል፤ እዚህ ላይ ሰዋስው ይበቃናል።

ይልቅ እኔ ልጠይቅ፤ ይህ ሰውዬ እንዴት ነው የተቀመጠው? እሱን ካልነገርከን ቃሉ ከየት ይመጣል?

ዘለንደን፦
እሜቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ዋናውን ዘልዬዋለሁ። በዚያን ዘመን ትልቅ ሰው በእብነ በረድ ሲቀረጽ ዊግ ደፍቶ፣ ወይም እንደ ጥንት ሮማዊ ሸማ ተጣጥፎ ነበር። ሃንደል ግን ራሱ ላይ ለስላሳ የቤት ቆብ ነው ያለው። የሸሚዙ አንገት ተከፍቷል። ክንዱን በኖታ ጥራዞች ላይ ደገፍ አድርጎ ክራር መሰል የግሪክ በገና ይደረድራል፤ ከእግሩ ሥር አንድ ሕፃን ቁጭ ብሎ የሚሰማውን ይጽፋል። አንደኛው ጫማ ከእግሩ ወጥቷል። ያኔ ሃንደል የ53 ዓመት ሰው ነው፤ በሕይወት አለ፣ በዚያው አትክልት ስፍራ ዜማው ይሰማል። «እንደ ሐውልት ተገትሮ» የምንለው ነገር ፈጽሞ የለበትም። እኔን ያስቸገረኝ ይኼ ነው። የአማርኛው ሐውልት ድርቅ ያለ ነው፤ ይህኛው ግን አሁን ተነስቶ ጫማውን በእግሩ የሚፈልግ ይመስላል።

ጫማውንም «ነጠላ ጫማ» ብዬው ነበር፤ ልጄ አንብባ «ሻወር ሊገባ ነው?» አለችኝ። «የቤት ጫማ» ብዬ ቀየርኩት።

ጠራቢ፦
እኔ በድንጋይ ሥራ ነው ያደግሁት፣ ትንሽ ልናገር። «ቀረጸው» ስትል ተጠንቀቅ። የዛሬ ልጅ «ሩቢሊያክ ሃንደልን ቀረጸው» ቢባል ስቱዲዮ አስገብቶ ድምፁን የቀዳው ነው የሚመስለው፤ መቅረጸ ድምፅ ማለት እኮ ከዚሁ ነው። ለተማሪ ደግሞ መቅረጫ የእርሳስ ነው። እኛ ዘንድ ድንጋይ ይጠረባል፣ ዋሻ ይፈለፈላል፣ ምስልና ጽሕፈት ይቀረጻል። ሦስቱም ከላይ መቀነስ ነው፤ መሮና መዶሻ ይዘህ የማይፈለገውን ታነሳለህ።

የዚህ ሰውዬ ሥራ ግን ግማሹ መጨመር ነው። እንዲህ ያሉት ቀራፂዎች ድንጋዩን ከመንካታቸው በፊት በጭቃ ነው የሚያበጁት፤ እየለጠፉ፣ እያነሱ፣ በጣት እየዳበሱ። ጭቃው ተተኩሶ ሸክላ ይሆናል፣ እብነ በረዱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሩቢሊያክ የሸክላ ሥራዎች እስከ ዛሬ አሉ። የጣት ሥራ የምንለው ልስላሴ ከዚያ የመጣ ነው። ታዲያ ለዚህኛው ግማሽ ቃላችን ምንድን ነው? «ሸክላ ሠሪ» እንዳትለኝ፤ ቃሉ ምንም አላጠፋም፣ ግን በአገራችን ስንት ንቀት እንደተሸከመ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ «አበጀ» እላለሁ።

የመሪጌታው ልጅ፦
«አበጀ» ጥሩ ነው። እብነ በረድም ሳይነገርለት እንዳይታለፍ፤ እብን ድንጋይ፣ በረድ ያው በረድ። የበረድ ድንጋይ። የሚቀልጥ ለሚመስል ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

እሜቴ ሰዋስው፦
«ሮኮኮ» የሚባለው የዚያ ዘመን የጥበብ ስልትስ? መግለጫው ላይ አለ ወይ?

ዘለንደን፦
አለ። መነሻው ሮካይ የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ በዛጎልና በድንጋይ እየተለጠፈ የሚሠራ የዋሻና የፏፏቴ ጌጥ ማለት ነው። ከዚያ ጥምዝምዙ፣ ግራና ቀኙ እኩል ያለመሆኑ፣ ቀለል ማለቱ ለዘመኑ ጥበብ ሁሉ ስም ሆነ። «ዛጎልማ» ብዬ ላማርነው ነበር፤ ሩቢሊያክ ግን ዛጎል አልለጠፈም፣ ስለዚህ ሮኮኮን እንዳለ ተውኩት።

ሌላ ጥያቄ። ከደረት በላይ ብቻ የሚሠራውን ምን እንበለው? ገጣሚውን አሌክሳንደር ፖፕን እንዲያ አበጅቶታል። (ጠራቢ፣ ቃልህን ወሰድኩ!) ሠዓሊው ሬይኖልድስ ሲተርክ፣ ሩቢሊያክ የፖፕን ፊት አይቶ «ይህ ሰው ራስ ምታት ያሠቃየው ነበር፤ ባይነግሩኝም ከቅንድቡ በላይ ካለው ቆዳ መኮማተር ዐውቀው ነበር» ብሏል። እኔ «ግንባሩን የቋጠረ» ብዬ ተረጎምኩት።

እሜቴ ሰዋስው፦
አይሆንም! ግንባሩን የቋጠረ ተቆጥቷል ማለት ነው። ፊቱን ቢቋጥር ደግሞ ኩርፊያ ነው። ሕመም በአማርኛ ግንባር አይቋጥርም፣ ፊት ያጠወልጋል። «ከቅንድቡ በላይ ቆዳው ጭምድድ ያለ» በለው፤ የታመመ እንጂ የተቆጣ እንዳይመስል። የደረቱን ግን «ከደረት በላይ ያለ ምስል» ከማለት ሌላ አላውቅም። ረዝሟል፤ ይርዘም።

የመሪጌታው ልጅ፦
ስለ መቃብር ሥራዎቹስ አትነግረንም? የሐውልት እውነተኛ ቤቱ እዚያ ነው።

ዘለንደን፦
ዌስትሚንስተር አቢ በሚባለው የለንደን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ አለው። በጣም የሚታወቀው በ1761 ያለቀው የናይቲንጌል ቤተሰብ መታሰቢያ ነው። ሴትዮዋ፣ ሌዲ ኤልሳቤጥ፣ በ1731 መብረቅ አስደንግጧት ያለ ጊዜዋ ወልዳ የሞተች ናት ይላሉ። ከታች የብረት በር ተከፍቶ ሞት ከፈን መሰል ጨርቅ እንደለበሰ በዐፅም መልክ ብቅ ይላል፤ ጦር ወደ እሷ አነጣጥሯል። ባልየው አቅፏት በሌላው እጁ ሞትን ሊመልስ ይዘረጋል። «የሞት መልአክ» ልበለው ወይስ «ሞት»?

የመሪጌታው ልጅ፦
«ሞት» ብቻ በል። መልአከ ሞት የተላከ ነው፣ ትእዛዝ ይዞ ነው የሚመጣው። ዐፅሙ ግን ማንም የላከው አይመስልም። ደግሞ የእኛ ሞት ጦር አይዝም፤ ይቀጥፋል፣ ይነጥቃል፣ ይወስዳል። ሁሉም የእጅ ሥራ ነው። ይረሳልም፤ ዕቃ ጥለን የመጣን ጊዜ «ሞት ይርሳኝ!» የምንለው እሱን ነው።

ጠራቢ፦
ባልየው የሚከላከለው በባዶ እጁ ከሆነ «ሊያግድ» አትበል። «ሊመክት» በል። መመከት ጋሻ ያስታውሳልና ጋሻ ማጣቱ ይታያል።

ዘለንደን፦
ወሰድኩት። አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። ሩቢሊያክ ሃንደልን ሁለት ጊዜ ነው የሠራው። ሁለተኛው እዚያው አቢ ውስጥ የመቃብሩ መታሰቢያ ነው፤ ሃንደል በ1759 ሞተ፣ ሥራው በ1762 ተገለጠ፣ ቀራፂውም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሞቷል። ፊቱ ከሬሳው ላይ በተወሰደ ቅርጽ ተሠራ ይባላል። ከፊቱ «መሲሕ» የተባለው የራሱ የመዝሙር ድርሰት ኖታ ተዘርግቷል፤ «የሚቤዠኝ ሕያው እንደ ሆነ ዐውቃለሁ» የሚለው ቦታ። እዚህኛው ላይ ሃንደል ቆሟል። የተወለደበት ዓመት ደግሞ 1684 ተብሎ ተቀርጿል፤ እኛ 1685 ነው የምናውቀው። ሃንደል ሲወለድ በእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው በመጋቢት፣ በእነሱ ማርች 25፣ ስለነበር እሱ የተወለደበት የካቲት ገና በአሮጌው ዓመት ይቆጠር ነበር። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አያስደንቅም።

እሜቴ ሰዋስው፦
ቆይ፣ ቆይ። በሕይወት ሳለ ተቀምጧል፣ ከሞተ በኋላ ቆሟል ነው የምትለኝ? እንግዲያ ያ ቀይ ብዕር ያለው ሰው ግማሽ እውነት አለው! የመጀመሪያውን «ሃንደል ዐረፍ ብሎ» በለው። እንግዳ ሲመጣ «ዐረፍ በሉ» እንደምንለው።

የመሪጌታው ልጅ፦
እሜቴ፣ «ዐረፈ» ከሆነማ ሞተ እኮ ነው። አንባቢው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል።

እሜቴ ሰዋስው፦
«ዐረፍ ብሎ» እና «ዐርፎ» አንድ አይደሉም፣ የመሪጌታው ልጅ ይህ ይጠፋሃል? ዐረፍ ያለ ሰው ሻይ ይጠጣል።

ዘለንደን፦
ጨረስኩ። የሙዚየሙ «ሃንደል ዐረፍ ብሎ፣ 1738» ሆኗል። የአቢው «የሃንደል ሐውልት፣ 1762»። ለቀይ ብዕሩም ዛሬ ማታ ልኬዋለሁ፤ እስካሁን ዝም ብሏል።