የአካባቢ የተፈጥሮ ታሪክና የጥንታዊ ቅርስ ማኅበር እንዴት ይጸናል?

የጉና መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ታቦር የታሪክ መምህር ነኝ። ከባዮሎጂ መምህራን ባልደረቦቼ ጋር የከተማችንንና የዙሪያዋን ተፈጥሮና ቅርስ የሚመዘግብ ትንሽ ማኅበር ለማቋቋም አስበናል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ደጃችን ነው፤ የጉና ተራራም ከዚያው ይታያል፤ ስለ ሁለቱም የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ግን በየዓመቱ እያለፉብን ነው። በስኮትላንድ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የደምፍሪስሺርና ጋሎዌይ የተፈጥሮ ታሪክና የጥንታዊ ቅርስ ማኅበር ከ160 ዓመት በላይ መዝለቁን ሰምቼ ተደንቄአለሁ። ምን ቢሠራ ነው የጸናው? ደግሞስ ተፈጥሮንና ቅርስን በአንድ ማኅበር ማጣመሩ ይበጃል ወይስ ሁለቱንም ያዳክማል?

ከሶልዌይ ዳር፦
መምህር፣ እኔ በዚያው አካባቢ ለብዙ ዓመታት ኖሬአለሁ፤ የማኅበሩንም ጥራዞች በፍቅር አነባለሁ። ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1862 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሰር ዊልያም ጃርዲን ነበር። ጃርዲን ባለርስትና የአዕዋፍ ሊቅ ነው፤ ከ1833 እስከ 1843 ባሉት ዓመታት ተራው ሕዝብ ሊገዛቸው የሚችሉ 40 የተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍትን በአዘጋጅነት አሳትሟል። ከእነዚህ አንዱ፣ ስለ ምዕራብ አፍሪካ አዕዋፍ የሚናገረው፣ በመግቢያው የያዘው ጎንደር ድረስ የመጣውን የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን የሕይወት ታሪክ ነው፤ ለእርስዎ አገር ሰው ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም።

ስለ ማጣመሩ የጠየቁትን በአንድ ሰው ታሪክ ልመልስ። ከማኅበሩ መመሥረት በፊት በዚያው አካባቢ ባለው በሩትዌል ደብር ሄንሪ ደንከን የሚባሉ ቄስ ነበሩ። በደብራቸው ከ8ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆየ ትልቅ የድንጋይ መስቀል ነበረ፤ በጎኖቹ ላይ ሩን በሚባሉት ጥንታዊ ፊደላት፣ መስቀሉ ራሱ ስለ ስቅለቱ የሚናገርበት ግጥም ተቀርጾበታል። በ1640ዎቹ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ምስሉን ጣዖት ነው ብሎ አስሰብሮት ነበር። ደንከን ስብርባሪውን ከያለበት ለቅመው በ1823 በመኖሪያቸው የአትክልት ስፍራ አቆሙት፤ በ1887 ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ ዛሬም በዚያ ቆሟል። እኒሁ ቄስ በኮርንኮክል ሙር የድንጋይ ካባ በቀይ አሸዋማ ድንጋይ ላይ የታተመ የጥንት እንስሳት ኮቴ ባዩ ጊዜ፣ ቅጂውን ኦክስፎርድ ለነበሩት ለሥነ ምድር ሊቁ ለዊልያም ባክላንድ ላኩ። ባክላንድም ኤሊን በለስላሳ ሊጥ ላይ አስኬደው ዱካውን ከዱካው ጋር አመሳከሩ። ጃርዲን በበኩሉ በእነዚህ ኮቴዎች ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። እንግዲህ ድንጋዩን አይቶ መስቀሉንም ኮቴውንም የሚያነብ ሰው አንድ ሰው ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ሁለት ማኅበር ማቋቋም ያሉትን ጥቂቶች መከፋፈል ይመስለኛል።

ሥራቸው ቀላል ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ብርዳማ ወራት ማታ ማታ ተሰብስበው ንግግር ያዳምጣሉ፣ ቀኑ ሲረዝም ወደ ገጠር እየወጡ ፍርስራሾችንና ዕፀዋትን ይጎበኛሉ። የጽናታቸው ምሥጢር ግን ትራንዛክሽንስ የተባለው የማኅበሩ ጥራዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ያየውን ጽፎ ያቀርባል፣ ጽሑፉም ይታተማል። በ1949 በዊትሆርን፣ ማለትም ቅዱስ ኒንያን «ነጩ ቤት» የተባለውን ቤተ ክርስቲያን እንደ መሠረቱበት በሚነገረው ስፍራ፣ የተጀመረው የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የራሌይ ራድፎርድ ቁፋሮ ዘገባ እንኳ የወጣው በዚሁ የክፍለ ሀገር ጥራዝ ነው። በአንጻሩ ጃርዲን ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው በሺህ የሚቆጠሩ አዕዋፍ፣ እሱ በ1874 ከሞተ በኋላ፣ በ1886 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠው ተበተኑ። ጽሑፉ ግን ዛሬም እጃችን ላይ አለ። ስለዚህ ሙዚየም ከመክፈታችሁ በፊት መጽሔት ጀምሩ።

ዕፀ ሕይወት፦
ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት ባነበውም፣ በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። ናሙናው ተሸጠ እንጂ አልጠፋም፤ ከፊሉን ሙዚየሞች ስለገዙት ዛሬም ይመረመራል። «በጉና ላይ እንዲህ ያለ ተክል አየሁ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቢቀር፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጸሐፊው ተሳስቶ እንደሆነ ማጣራት አይቻልም፤ የደረቀው ቅጠል ካለ ግን እንደገና ይታያል። ስለዚህ ተክሉን በጋዜጣ መካከል አድርቃችሁ፣ የተለቀመበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ከፍታውንና የአካባቢውን መጠሪያ ጽፋችሁ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ሁለተኛውን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ማከማቻ) ስጡ። በአገራችንም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራና «ዋልያ» የተባለ መጽሔት ያሳተመ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለን፤ ከእሱ ጋር ብትመካከሩ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

ቅርስ ጠባቂ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የስኮትላንዶቹን አርአያ ስትከተሉ አካፋ እንዳታነሱ አደራ እላለሁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘም ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። በጋፋት ልትሠሩት የምትችሉት ትልቁ ሥራ ቦታውን መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሳትና የአካባቢው ሰው ለየስፍራው የሰጠውን ስም መመዝገብ ነው። እኔ በተወለድሁበት ወረዳ በጎ አሳቢ ወጣቶች አንድ አሮጌ የመቃብር ስፍራ ቆፍረው የሸክላውን ስብርባሪ በየቤታቸው ወሰዱት፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ዛሬ ማንም አያውቅም፣ ትዝ ሲለኝ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

የጉና መምህር፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአንድ ማኅበር እንጣመራለን፤ ጽሑፉንም ናሙናውንም እንይዛለን፤ አካፋ አናነሳም። የመጀመሪያው ስብሰባችን ስለ ጋፋት የቦታ ስሞች ይሆናል፤ አያታቸው በዚያ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ሊነግሩን ፈቅደዋል። የተባለውን ጽፌ እዚህ አቀርባለሁ።