ሴንትራል ፓርክ፦ ተፈጥሮ ወይስ የሰው እጅ ሥራ?

ጀማሪ ጎብኚ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ አንዱ «ከተማው ሲስፋፋ ሳይነካ የተረፈ ደን ነው» ይላል፣ ሌላው «አንድም ተፈጥሯዊ ነገር የለውም» ይላል። የቱ ነው ልክ? ደግሞስ መኪና ፓርኩን እያቋረጠ መንገዱ ለምን አይታይም? ውስጡ ገብቼ አቅጣጫ እንዳይጠፋኝ የሚረዳ ነገር ካለም ጣል አድርጉልኝ።

ድንጋይና ውኃ፦
ሁለተኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ያልተሠራው ዓለቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ማንሃተን ሺስት ይባላል፣ ዕድሜው 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ደቡብ በኩል አምፓየር ሮክ ላይ የበረዶ ግግር እየተጎተተ ሲያልፍ የቧጠጠው መስመር አሁንም ይታያል። በፓርኩ ውስጥ ያለው ሐይቅ ግን ረግረግ ነበር። መጀመሪያ መሬቱን በሸክላ ቱቦ አጠነፈፉት፣ አንዳንዱን ዓለት በባሩድ አፈረሱ፣ ለም አፈር ከውጭ አስመጡ፣ ከዚያ ዛፍ ተከሉ። ዛሬም ሐይቁ የሚሞላው ከከተማው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ነው።

የመንገድ ሰው፦
የመንገዱ ነገር የንድፉ ዋና ብልሃት ነው። የፓርኩን ንድፍ ለመምረጥ የተደረገው ውድድር ደንብ አራት አቋራጭ መንገድ ያስገድድ ነበር፤ 33 ንድፎች ቀርበው በ1858 ያሸነፉት ካልቨርት ቮክስና ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ መንገዶቹን ከመሬቱ ወለል 2.4 ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ሠሯቸው፣ ዳሩን በቁጥቋጦ ሸፈኑት። እግረኛው በላያቸው በድልድይ ሲያልፍ ልብ አይልም። በ65ኛ፣ 79ኛ፣ 86ኛና 97ኛ ጎዳና አቅጣጫ ናቸው። (ሁሉም ኦልምስቴድን ብቻ ይጠራል፤ ወደ ውድድሩ የጋበዘው ግን ቮክስ ነው።)

ለአቅጣጫ የመብራት ምሰሶውን ማየት ነው። ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አለው፤ ከ100ኛ ጎዳና በታች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቅርብ የሆነውን ጎዳና ይነግሩሃል፣ የመጨረሻው ሙሉ ቁጥር ከሆነ ምሥራቅ፣ ጎዶሎ ከሆነ ምዕራብ ነህ። 7502 ማለት 75ኛ ጎዳና፣ ምሥራቅ በኩል።

ሰነድ አገላባጭ፦
ባዶ መሬት ላይ እንደተሠራ ተደርጎ እንዳይወሰድ። በምዕራብ በኩል፣ ከ82ኛ እስከ 89ኛ ጎዳና ባለው ሥፍራ ከ1825 ጀምሮ ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን ብዙዎቹ የራሳቸው መሬት ነበራቸው፤ ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤትም ነበር። በ1857 ለፓርኩ ተብሎ ተነሡ። ካሳ ተከፍሏል፤ ማኅበረሰቡ ግን ተበትኖ ቀረ።

ጀማሪ ጎብኚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል የተሠራ ነገር ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው የሚበላሸው?

ድንጋይና ውኃ፦
ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የውኃ ነው። በፓርኩ መሃል ካለው ሰገነት፣ ከቤተስዳ ቴራስ ሥር ያለው መተላለፊያ ጣሪያ ሚንተን የተባለ የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራቸው ከ15,000 በላይ ሸክላ ንጣፎች ተሰቅለውበታል። በላዩ ከሚያልፈው መንገድ ውኃና የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሰርጎ የያዛቸውን ብረት አዛገው፤ በ1980ዎቹ ሁሉም ወርደው የተመለሱት በ2007 ነው። ከላይ ያለውን ፍሳሽ ሳያቆሙ ንጣፉን ብቻ ማደስ ዋጋ የለውም።

ሐይቁ በበጋ አረንጓዴ የሚሆነውም ከዚያው ከቧንቧው ነው። እርሳስ እንዳይሟሟ ከተማው የመጠጥ ውኃው ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ ፎስፌት ደግሞ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። ሙቀትና የቆመ ውኃ ሲታከልበት መርዛማው ዓይነት ይፈላል። ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ከዚያ እንዳያስጠጣ።

ችግኝ ጣቢያ፦
የዛፉ ይጨመር። ሞል በሚባለው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ያሉት ኤልሞች ጠላታቸው በቅርፊት ጥንዚዛ የሚዛመት ፈንገስ ነው። ዛፉ ራሱን ለመከላከል ሲል በግንዱ ውስጥ ውኃ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍንና በጥም ይሞታል። ምልክቱ በበጋ መጀመሪያ ከአናት አካባቢ አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ቢጫ መሆኑ ነው። ቶሎ ከታየ ከተበከለው ክፍል በደንብ ወረድ ብሎ ይቆረጣል። ከዘገየ የጎረቤት ዛፎች ሥር ከመሬት በታች ስለሚጋጠም በሽታው በዚያ በኩል ይሻገራል፤ ያኔ መቁረጡ ብቻ አይበቃም፣ ሥሩን መለየት ያስፈልጋል።