ሻይ ላይ «ዲቶክስ» ተብሎ መጻፉ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

ሄለን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሱፐርማርኬት ውስጥ «ዲቶክስ፦ በ14 ቀን ሰውነትዎን ከመርዝ ያጸዳል» የሚል ሻይ አየሁ። ጀርባውን ሳነበው ዋናው ነገር ሰናመኪ ነው። የሚያስቀምጥ ቅጠል ማለት ነው። የትኛውን መርዝ እንደሚያወጣ አልተጻፈም። እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ዮናስ፦ አልስማማም። እናቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ነው የኖሩት። እኔም ሻዩን ጠጥቼ ቅልል ብሎኛል። ምን አጠፋ?

ሄለን፦ ዮኒ፣ ኮሶ የሚጠጣው እኮ ለኮሶ ትል ነው። ጥሬ ሥጋ ያመጣውን ትል ለማስወጣት። የሚወጣው ነገር ስም አለው። አንተን ያቀለለህ ውሃ ከሰውነትህ መውጣቱ ነው። ደም የሚያጣሩልህ ጉበትህና ኩላሊትህ ናቸው፣ ያለ ሻይም ይሠራሉ።

ማርታ፦ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ መርዝ ማርከስ ሲባል መርዙ ይታወቃል። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለዋጠ አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ እንሰጣለን። ማላታይን፣ ያ የተባይ መርዝ፣ ለጠጣ ደግሞ አትሮፒን። ዲቶክስ የምንለውም አለ፦ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው መጠጥ ሲያቆም ለቀናት ተኝቶ የሚደረግለት ክትትል።

ተስፋዬ፦ እሱን በቤቴ አይቼዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ አረቄ ነበር የሚቀምሰው። «ዲቶክስ እናድርግለት» ብለን በር ዘጋንበት። ዝንጅብልና ሎሚ አፍልተን ሰጠነው። በማግስቱ ብርጭቆ መያዝ አቃተው፣ ሻዩ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ማታ «ግድግዳው ላይ ጉንዳን አለ» እያለ በእጁ ይጠርግ ጀመር። ሌሊት አንዘፈዘፈው። አፉ አረፋ ደፈቀ። ሐኪሙ «በአንድ ጊዜ ማስቆም አልነበረባችሁም» አለን። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያንን ቃል ከሻይ ማስታወቂያ ነበር የተማርነው። ሻይ የሚበቃው መስሎን ነበር።

ዮናስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ማረው። ይሄን አላሰብኩም ነበር። እንግዲያው «ሆድ የሚያላላ ሻይ» ተብሎ ይሸጥ። ሻዩ ራሱ ከተከለከለ ግን ቴሌግራም ላይ ይገባል፣ እዚያ ደግሞ ማን ያየዋል?

ሄለን፦ በስሙ ተስማማን። ቴሌግራሙንም ቢሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዝም ሊለው አይገባም።

ማርታ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሰናመኪ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፖታሲየም ያሳጣል፣ ልብ በትክክል እንዲመታ የሚያስፈልገውን ማዕድን። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያሳጣል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ እናት ያለቻችሁ፣ ዛሬውኑ ኩሽናዋን እዩ።