የሲ ፋይል በፓይተን ሳነብ ቁጥሩ ጉድ ሆነብኝ

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለመመረቂያ የወንዝ ውሃ ከፍታ በየሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተናል። ፕሮግራሙ በሲ ቋንቋ ነው፤ ስትራክቱን (የአንድ ምዝገባ መስኮች በተርታ የተቀመጡበትን ጥቅል) እንዳለ ፋይል ላይ ይጽፋል። የከተማ ስም 20 ባይት፣ ሁኔታ 1፣ ሰዓት 4፣ ከፍታ (ደብል፣ ማለትም ባለነጥብ ቁጥር) 8። ድምሩ 33። በፓይተን 33 ባይት እየቆረጥኩ ሳነብ የመጀመሪያው ስም «ፍኖተ ሰላም» ብሎ በትክክል ይመጣል። ሰዓቱና ከፍታው ግን የማይሆን ቁጥር ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

የዳንግላው፦
ፋይልህ ደህና ነው ወንድሜ። መጠኑን ለምዝገባው ብዛት አካፍለው፤ 40 ካልመጣ ምን አለ በለኝ። ኮምፓይለሩ (የሲውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ኢንትን (ሙሉ ቁጥር፣ ያንተን ሰዓት) ከ4 ብዜት፣ ደብልን ከ8 ብዜት ቦታ ላይ ለማስጀመር ባዶ ባይት ይሸጉጣል። ከሁኔታው በኋላ 3፣ ከሰዓቱ በኋላ 4። ፓይተን ላይ የምትጽፈውን የመስኮች ቅርጽ በ'<' ከጀመርክ እነዚህን አይዘልልህም። ምልክቱን አታንሳው፤ ባዶዎቹን ራስህ በኤክስ (x፣ የባዶ ባይት ምልክት) ሙላቸው።

ጠያቂ፦
40 መጣ! ተባረክ። ግን የአንድ ዓመቱ ወደ 31 ሚሊዮን ተኩል ምዝገባ ነው። በሉፕ (አንድ በአንድ እየደጋገምኩ) ሳነበው አቦል ተጠጥቶ በረካ ይደርሳል። ጓደኛዬ ደግሞ በጃቫ ሲያነበው ቁጥሩ አሁንም የተዘበራረቀ ነው።

ጣና ዳር፦
ሉፑን ጣለው። ነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ላይ የመስኮቹን ቅርጽ አንዴ ንገረውና ፋይሉን በሜምማፕ ክፈት። ሁሉንም ወደ ሜሞሪ አይገለብጠውም፤ የነካኸውን ክፍል ብቻ ከዲስክ ያመጣል። የጃቫ ባይትበፈር (ባይቶችን የሚያነብበት መሣሪያ) ካልነገሩት የቁጥሩን ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ትንሹን። ኦርደሩን ሊትል ኢንዲያን (ትንሹን አስቀዳሚ) ያድርገው።

ጠያቂ፦
በረረ! አሁን የቀረኝ አንድ ነው። ፓይተን የራሴን ከተማ ሲያይ ስህተት ይጥላል። ሌላው ሁሉ ሰላም።

የዳንግላው፦
ሃሃ፣ ማርቆስ ረዝማ ነው። በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይበላል። ፍኖተ ሰላም ከነክፍተቱ 19፣ ገባች። ደብረ ማርቆስ 22። ሲው 20 ላይ ሲቆርጥ ከ«ስ» አንዷ ባይት ብቻ ትተርፋለች፤ ፓይተን እሷን ምን ብሎ ያንብባት? ስሙን 24 አድርገው። የሚገርመው ምዝገባው እዚያው 40 ላይ ይቀራል፤ ከሰዓቱ በኋላ የነበረው የ4 ባይት ክፍተት ይጠፋላ! የድሮዎቹን ፋይሎች ግን በድሮው ቅርጽ አንብብ።