ከኦስካር ዕጩዎች የቱን እንይ? በምንስ እንየው? (ጥቆማ)

የ96ኛው ኦስካር ዕጩዎች ጃንዋሪ 23 ቀን 2024 ከተነገሩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ «ለምርጥ ፊልም የታጩትን አሥሩንም ለማየት ጊዜ የለኝም፣ የቱን ልይ?» ለየሰዉ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው። ሽልማቱ የተሰጠው ማርች 10 ቀን 2024 ነበር።

መጀመሪያ ግን የሆዴን ልናገር። ዝርዝሩን የጠበቅኩት ለአንድ ፊልም ብዬ ነበር፤ ለ«ፓስት ላይቭስ»። ለምርጥ ፊልምና ለምርጥ ወጥ ድርሰት ታጨ። ስሙ ሲጠራ ብቻዬን ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ለሴሊን ሶንግ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፤ ራሷ ጽፋ ራሷ ነው ያዘጋጀችው። ዋና ተዋናይቷ ግሬታ ሊ መታለፏ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ልጅቷ ሳትናገር የምትለው ነገር ስንት ገጽ ንግግር ይወጣዋል። እንዲህ ያለ ትወና ጮክ ስለማይል ብቻ ሲዘለል አንጀቴ ያራል።

አሁን ወደ ጥቆማው። ብዙ ሰው ዝርዝሩን የሚያነበው እንደ ኳስ ደረጃ ሠንጠረዥ ነው። «ኦፐንሃይመር» 13፣ «ፑር ቲንግስ» 11፣ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 10፣ «ባርቢ» 8፣ «ማኤስትሮ» 7፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እያለ ያያል። ይህን አካሄድ አልመክርም። ብዙ ልብስ የተሰፋበት፣ ብዙ ቤት የተገነባበት፣ ሜካፕ የበዛበት ፊልም የሚታጭበት ዘርፍም ይበዛለታል። ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበትን ፊልም፣ የቱንም ያህል ልብ ቢነካ፣ በአልባሳት ማን ያጨዋል? ስንት ጊዜ እንደታጨ ሳይሆን በምን በምን እንደታጨ እዩ። ፊልሙ የእናንተ ዓይነት ይሁን አይሁን ከዚያ ይታወቃል፤ በሲኒማ፣ በቲቪ ወይስ በስልክ ብታዩት እንደሚሻልም ከዚያው ይታወቃል።

በዚህ ዓይን ሳየው ከዝርዝሩ ሁሉ ያስደነቀኝ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» በድምፅ ዘርፍ መታጨቱ ነው። በድምፅ ሲታጭ የለመድነው ጦርነት፣ ፍንዳታ፣ የመኪና እሽቅድምድም ያለበት ፊልም ነው። ይህ ግን የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው። አባትየው ሩዶልፍ ሆስ የአውሽቪትዝ አዛዥ ነው፤ የግቢው አጥር የካምፑ ግንብ ነው። ሚስቱ አበባ ትኮተኩታለች፣ ልጆቹ ገንዳ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ከግንቡ ወዲያ የሚፈጸመውን ግድያ ካሜራው አያሳየንም። ይሰማል እንጂ። የተኩስ ድምፅ፣ ጩኸት፣ ከሥር ከሥር የማያባራ ጉርምርምታ። አንድ ትዕይንት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ሚስትየዋ ከእስረኛ የተነጠቀ የፀጉር ካፖርት ለብሳ መስታወት ፊት ትዞራለች። ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት የእስረኛዋ ሊፒስቲክ ይወጣል። ከፍታ ትቀባዋለች። በቃ፣ ሌላ ምንም አይደረግም። እኔ ግን ፊልሙን አቁሜ ትንሽ መተንፈስ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያየሁት በላፕቶፕ ስፒከር ነበር። «ቀዝቃዛ ፊልም ነው» ብዬ ዘጋሁት። በሌላ ቀን ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ አድርጌ ስደግመው ሌላ ፊልም ሆኖ አገኘሁት፤ ግማሹን ታሪክ ጭራሽ አልሰማሁትም ነበር። ስለዚህ ይህን ፊልም የምታዩ ሰዎች ስለ ስክሪኑ ስፋት ብዙ አትጨነቁ፣ ስለ ድምፁ ተጨነቁ። ማዳመጫ ከሌላችሁ ሲኒማ እስክታገኙ ቢቆይ ይሻላል። ደግሞ ሲጀምር ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ፋይሉ ተበላሽቶ መስሏችሁ ወደፊት እንዳታሳልፉት፤ ጆሯችሁን እያዘጋጀ ነው።

«ኦፐንሃይመር» የተቀረጸው በአይማክስ (ለግዙፍ ስክሪን በተሠራ ፊልም) እና በሌላ ሰፊ ፊልም ነው፤ ለጥቁርና ነጩ ክፍል ሲባል ኮዳክ ከዚያ በፊት ያልነበረ ባለ 65 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርቷል። በሲኒማቶግራፊ (በቀረጻ) የታጨው ለዚህ ነው፤ በስልክ ካያችሁት የሚቀራችሁም ይኸው ነው። በሲኒማ ያመለጣችሁ ትልቅ ቲቪ ያለው ወዳጅ ፈልጉ። የአቶም ቦምቡ ሙከራ ላይ መጀመሪያ ብርሃኑ ብቻ ይመጣል፣ ጸጥ ይላል፣ ትንፋሽ ይሰማል፣ ድምፁ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ያን ጸጥታ ከሰው ጋር ሆኖ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ሌላ ስለዚህ ፊልም ያልተባለ የለም፣ ልለፈው።

«ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ። ርዝመቱ 206 ደቂቃ ነው፤ ሰው የሚፈራውም ለዚህ ነው። ታሪኩ በ1920ዎቹ ኦክላሆማ ውስጥ በነዳጅ ሀብት ስለበለጸጉት ኦሴጅ የተባሉ ነባር ሕዝቦችና ለሀብታቸው ሲባል ስለተፈጸመባቸው ግድያ ነው። ሊሊ ግላድስተን በምርጥ ተዋናይት ስትታጭ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጀመሪያዋ ናት። መጀመሪያ አካባቢ ያለ አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። ዝናብና ነጎድጓድ ይመጣል። ኋላ ባሏ የሚሆነውን ሰው የሚጫወተው ዲካፕሪዮ መስኮቱን ለመዝጋት ይነሳል፣ ያወራል፣ ይቁነጠነጣል። እሷ ዝም እንዲል ትነግረዋለች፤ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ጸጥ ብለን እናዳምጠው። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የሴትዮዋ ክብር፣ የሰውየው ባዶነት፣ የትዳራቸው መጨረሻ ሁሉ እዚያች ዝምታ ውስጥ አለ።

ማርቲን ስኮርሴዚ በ81 ዓመቱ በዳይሬክተርነት ለ10ኛ ጊዜ መታጨቱ ተገቢ ነው። ከመጽሐፍ በተወሰደ ድርሰት ሳይታጭ መቅረቱ ግን አልገባኝም። መጽሐፉ ወንጀሉን የሚከተለው ከመርማሪዎቹ ጋር ነው፤ ፊልሙ ያን ገልብጦ ትዳሩን መሃል ላይ አስቀመጠ። ከመጽሐፍ መውሰድ ማለት ይኼ ካልሆነ ምንድን ነው? ፊልሙ አፕል ቲቪ (የቀድሞው አፕል ቲቪ ፕላስ) ላይ አለ። ምክሬ፦ ቤት ውስጥ እዩት፣ ግን ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሁለት ማታ ላይ መክፈል ግድ ከሆነ ክፈሉት፤ እያዩ ስልክ ከመነካካት ያ ይሻላል።

ስለ «ባርቢ» የተነሳው ጩኸት። ግሬታ ገርዊግ በዳይሬክተርነት፣ ማርጎ ሮቢ በተዋናይትነት አልታጩም፤ ኬንን የተጫወተው ራያን ጎስሊንግ ታጨ። ንዴቱን እጋራለሁ። ግን ፊልሙ ለምርጥ ፊልም ታጭቶ ዳይሬክተሯ እንዴት ትቀራለች ለሚለው መልሱ አሠራሩ ውስጥ ነው። ለምርጥ ፊልም ዕጩ የሚመርጡት ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አባላት በሙሉ ናቸው፤ ዳይሬክተሮችን የሚያጩት ግን ዳይሬክተሮች ብቻ፣ ተዋንያንን የሚያጩት ተዋንያን ብቻ ናቸው። ምርጥ ፊልም አሥር ቦታ አለው፣ ዳይሬክተር አምስት ብቻ። ገርዊግ በድርሰት፣ ሮቢ በፕሮዲዩሰርነት ዕጩ መሆናቸውም ይታወቅ። ከአምስቱ ዳይሬክተሮች መሃል ያለችው ብቸኛ ሴት ጀስቲን ትሪዬ ናት፤ ሴሊን ሶንግም የለችበትም፣ ስለ እሷ ግን ማንም ሲጮህ አልሰማሁም። ፊልሙን ያላየ ካለ፣ በአልባሳትና በፕሮዳክሽን ዲዛይን (በቤትና በመቼት ዝግጅት) የታጨ ስለሆነ ቀለሙ ጥሩ የሆነ ስክሪን ይፈልጋል። የደበዘዘ ኮፒ አትዩ።

የትሪዬ «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ሰብታይትል ነው። ባል ከፎቅ ወድቆ ሞቷል፤ ገፍታው ነው ወይስ ራሱ? ሚስትየዋ ጀርመናዊት ናት፣ ከባሏ ጋር በእንግሊዝኛ ትነጋገራለች፣ ፍርድ ቤት በፈረንሳይኛ ተከራከሪ ትባላለች። በየትኛው ቋንቋ ራሷን እንደምትከላከል መከታተል የፊልሙ ግማሽ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛውን ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛውንም የሚጽፍ ሰብታይትል ምረጡ፤ አንዳንዱ ፋይል አንዱን ይዘላል፣ እኔን ሩብ ሰዓት አባክኖብኛል። በኤዲቲንግ የታጨበትን ምክንያት ደግሞ ጠቡ ላይ ታገኙታላችሁ። የባልና ሚስቱ ጭቅጭቅ በድብቅ ተቀድቶ ችሎት ላይ ይከፈታል፤ እኛ በዓይናችን እያየነው ሳለ ልክ እጅ መሰንዘር ሲጀመር ፊልሙ ወደ ችሎቱ ይመልሰንና ድምፁን ብቻ ያሰማናል። ማን ማንን መታ? እንደ ዳኞቹ ሳናይ እንቀራለን። ዋናዋ ተዋናይት ሳንድራ ሁለር «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ላይ ካፖርቱን የለበሰችውም ናት፤ ሁለቱን በተከታታይ ብታዩ አንድ ሰው መሆኗን ትጠራጠራላችሁ። ይህን ፊልም ፈረንሳይ ለዓለም አቀፍ ዘርፍ አላከችውም፤ አንድ አገር አንድ ፊልም ብቻ ስለሚያቀርብ ሌላ መረጠች።

በስልክ ለሚያይ ሰው «ዘ ሆልዶቨርስ» እና «አሜሪካን ፊክሽን»። ሁለቱም በዋናነት የታጩት በትወናና በድርሰት ስለሆነ ስክሪኑ ቢያንስም ብዙ አይጎዱም። ከሁለቱ «ዘ ሆልዶቨርስ»ን አስቀድሙ፤ ልጇን በጦርነት ያጣችውን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና የሠራችው ዴቫይን ጆይ ራንዶልፍ በረዳት ተዋናይትነት ማሸነፏን ማንም የሚከራከርበት አይመስለኝም።

«ማኤስትሮ» ኔትፍሊክስ ላይ አለ። እኔን የያዘኝ ዋናው ገጸ ባሕርይ ካቴድራል ውስጥ ኦርኬስትራ የሚመራበት ረጅሙ ትዕይንት ብቻ ነው። «ፑር ቲንግስ» በትልቅ ስክሪን ዓይን ያጠግባል፤ ኤማ ስቶንም ዕጩነቱ ይገባታል። ግን በግልጽ ልናገር፣ የወሲብ ትዕይንት የበዛበት ነው፤ ከልጆችም ከወላጆችም ጋር አትክፈቱት።

ከአሥሩ ውጪ ካሉት ሦስት ልጨምር። በዓለም አቀፍ ዘርፍ ጣሊያን ያቀረበችው «ኢዮ ካፒታኖ» ከዳካር ተነስተው ሰሃራንና ሊቢያን አቋርጠው ባሕር ላይ ስለሚወጡ ሁለት ሴኔጋላዊ ልጆች ነው፤ አብዛኛው በወሎፍ ነው የሚነገረው። በዜና ቁጥር ሆኖ የምንሰማው መንገድ እዚህ ፊት አለው። ጀልባ ነድቶ የማያውቀው ልጅ መሪውን ሲይዝ እጁን እዩ። በዶክመንተሪ ደግሞ የዑጋንዳው «ቦቢ ዋይን፦ ዘ ፒፕልስ ፕሬዚደንት» እና የካውተር ቤን ሃኒያ «ፎር ዶተርስ» አሉ። የኋለኛው ቱኒዚያዊቷ እናት ያጣቻቸውን ሁለት ሴት ልጆች በተዋንያን ተክቶ፣ ከቀሩት እህቶቻቸው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያስቀምጣል። እህቶቹ ተዋናዮቹን መጀመሪያ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን በድርሰት መጻፍ አይቻልም።

ጭማሪ፦ ይህን ከለጠፍኩ በኋላ አንዷ እህቴ «ያለኝ አንድ ማታ ብቻ ነው፣ አንድ ፊልም ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። የኔ እህት፣ «ፓስት ላይቭስ»ን እዪ። ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ለስልክም ለቲቪም ይሆናል፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የታጨው። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ሰዎች ሌሊት መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይጠብቃሉ፤ አይነጋገሩም፣ ይተያያሉ ብቻ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ እኔም እስትንፋሴን ይዤ ነበር።