በሺፍት የሚሠራ ሰው ዐቢይ ጾምን እንዴት ይያዘው?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሦስት ሺፍት ነው የምንሠራው፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከ4 እስከ ንጋት 12። በየሳምንቱ ይዞራል። እስከ 9 ሰዓት መጾም እፈልጋለሁ፤ በከሰዓቱ ሺፍት ግን 9 ሰዓት የሚሞላው ማሽን ላይ ቆሜ ነው። የሌሊቱ ሲደርስ መቼ በልቼ መቼ እንደማቆም ግራ ይገባኛል። ጸሎቱም ይቆራረጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ዘጦሳ፦
ወንድሜ፣ ለጾም ከሦስቱ የሚቀለው የሌሊቱ ነው። 12 ሰዓት ወጥተህ 1:30 ብትተኛ 8 ሰዓት ግድም ትነሣለህ፤ ፊትህን ታጥበህ ጸሎትህን ስታደርስ 9 ይሞላል። እንቅልፍህን አሳጥረህ ቅዳሴ መግባትም ትችላለህ፤ በጾሙ የሥራ ቀናት የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነውና። ፈተናው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚመጣው ሻይና ዳቦ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ የቀጣዩ ቀን ጾም ገብቷል። ስለዚህ ሁለተኛውን ማዕድ ከመግባትህ በፊት 3 ሰዓት ላይ ጨርስ።

የሚከብደው የጠዋቱ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያለ ውሃ መቆም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፣ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። ሰውን የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ ረሃብ ሳይሆን ጥም ነው። ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ በየሰዓቱ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጠጣ፤ ወደ 2 ሊትር ይሆናል። መኝታ ሲደርስ አንድ ላይ የተገለበጠ ውሃ ሌሊቱን በሽንት ያልቃል። የማታው ሽሮ በርበሬውና ጨው ይቀነስለት፤ የነገውን ጥም የሚያመጣው እሱ ነው። ስትፈታም በቡና አትጀምር፣ ቃር ነው ትርፉ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ተልባ ወይም በሶ፣ ትንሽ ቆይተህ እንጀራው።

ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሜ ሹር በቀር እስከ 9 አይጾምም። ከቅዳሴ በኋላ የጾም ምግብ ይበላል።

ወለተ ማርያም፦
ዘጦሳ የከሰዓቱን ዘለለው። በወሎ ለዚህ መፍትሔው ጎንህ የቆመው ሙስሊም ባልደረባህ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት፤ እንዲህ ሲገጥም አንተ የምትፈታው 9 ሰዓት፣ እሱ የሚያፈጥረው ፀሐይ ስትጠልቅ 12:30 ገደማ ነው። ሁለቱም በአንድ ሺፍት ውስጥ ናቸው። 9 ሲሞላ እሱ ማሽንህን ይያዝልህ፣ 12:30 ላይ አንተ ያዝለት፤ ለእያንዳንዳችሁ 20 ደቂቃ ይበቃል። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ይወቅ፣ ስምምነቱም ጾሙ ሳይገባ ይጠናቀቅ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያው ማሽኑ ላይ ሲለመን ነው። ምሳ ዕቃህ ውስጥ ምስር ወጥ ወይም ሱፍ ፍትፍት ካለ ለእሱም ማፍጠሪያ አስተርፍለት፤ የሥጋ ነገር የሌለበት ማዕድ ሁለታችሁንም ያገናኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ሰዓት አይቀይር። ፍትሐ ነገሥቱም ለታመመ ሰው ያቀልለታል። መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ከዚያ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ዘጦሳ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ የማሽኑን ነገር አላሰብኩትም። ስለ ጸሎቱ ልጨምር። የዳዊት የሳምንት ድልድል ሰኞ ብቻ 30 መዝሙር ነው፤ የጠዋት ሺፍት የዋለ ሰው 12ኛው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሐሙስ ላይ ጭራሹን ይተወዋል። በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር ያዝ፤ በ15 ቀን 150ው ይደገማል። መዝሙር 118 ያለበት ቀን ረጅም ነው፣ 176 ቁጥር አለው፤ ግማሹን ከሥራ በፊት ግማሹን በኋላ አድርገው። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ግን ለነገ አታሳድር። ማሽን ላይ መጽሐፍም ጆሮ ማዳመጫም አትያዝ። አራቱ ጣቶችህ 12 አንጓ አላቸው፤ በየአንጓው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በልበት።